«ሳንባሽ ላይ ነጥብ ታየ» ሲባል ምን ማለት ነው?

 

ከጸሎት በኋላ ወደ ቢሮአችን ጎራ የምትሉ እኅቶች ደጋግማችሁ ከምታነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የራጅ ነገር ነው። ለኢቃማ ወይም ለአዲስ ኮንትራት የጤና ምርመራ ይደረጋል፣ ደረት ራጅ ይነሳል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ «ሳንባሽ ላይ ነጥብ ታየ» የሚል ወሬ ይመጣል። ወሬውን የሚነግራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን ማዳም ወይም የኤጀንሲው ሰው ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ማዳም በአረብኛ ትናገረዋለች፣ እናንተ በአማርኛ ታስቡታላችሁ፤ በሦስቱ ቋንቋ መካከል ነጥቧ ታድጋለች። በዚያው ማታ ብርጭቆ ይለያል፣ «ልጆቹን አትንኪ» ይባላል፣ አንዳንዷም ሻንጣዋን እንድታሰናዳ ይነገራታል። ከዚህ በኋላ አንዷ እኅት ልትሞት እንደሆነ አስባ እንቅልፍ ታጣለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ሊያባርሩኝ ፈልገው ነው» ብላ ወረቀቱን ቀዳ ትጥላለች። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ስለዚህ በዚህ እትም ይህች ነጥብ ምን ምን ልትሆን እንደምትችል በሕክምናው ዘንድ የሚታወቀውን ሰብስበን በቀላል ቋንቋ ልናቀርብላችሁ ወደድን። የእያንዳንዳችሁን ነጥብ ምንነት መናገር የሐኪማችሁ ሥራ ነው። እኛ የምንችለው ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማሳወቅ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ

በቋንቋችን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት በሽታ ያገለግላል። በጤና ጣቢያ ወረቀት ላይ «የሳንባ ነቀርሳ» ማለት ቲቢ ነው። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰር ማለታችን ነው። ቲቢ በጀርም የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ካንሰር ፈጽሞ ሌላ ነው። አገር ቤት ለእናታችሁ ደውላችሁ «የሳንባ ነቀርሳ ሳይኖርብኝ አይቀርም አሉኝ» ብትሏቸው የትኛውን እንደሚረዱ፣ በዚያ ሌሊት ስንት እንባ እንደሚያፈስሱ አስቡት። ስትነግሯቸው ወይ «ቲቢ» ወይ «ካንሰር» በሉ፤ ሁለቱም ገና ካልተባለ ደግሞ «ሊመረመር የሚገባው ነጥብ» በሉ።

በአረብኛም ቃላቱን ብትለዩ ይጠቅማል። ቲቢን «ሲል» ወይም «ደረን» ይሉታል፤ ካንሰርን «ሰረጣን»፤ ጠባሳን «ነድባ»፤ ነጥቧን ራሷን ደግሞ «ዑቅዳ»። «ዑቅዳ» ቋጠሮ ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ «ኖዱል» ተብሎ የሚጻፈው እርሱ ነው። «ዑቅዳ» ብሎ የጻፈ ሐኪም «ሲል» አላለም፣ «ሰረጣን»ም አላለም። «አንድ ክብ ነገር አይቻለሁ፣ ምንነቱ ይጣራ» ማለቱ ነው።

ስለ መጠኗም እንናገር። ኖዱል የሚባለው በሳንባ ላይ የታየ፣ ክብ ወይም ክብ የሚመስል፣ ወርዱ ከ30 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነገር ነው። ከዚያ ከበለጠ ስሙም ይለወጣል፣ ሐኪሙም ይቸኩላል። በጓዳችን መስፈሪያ ብናየው ጤፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ናት፣ ምስር ወደ 5፣ ሽምብራ ወደ 8 ወይም 9፣ 30 ሚሊ ሜትር ደግሞ ትንሽ ሎሚ ታህላለች። በተራ ራጅ ላይ ከሽምብራ ያነሰውን ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው። ሲቲ ስካን ግን ከምስርም ያነሰውን ያሳያል፤ በዚህም የተነሣ ለሌላ ጉዳይ ሲቲ ስካን በተነሡ ሰዎች ላይ ያልታሰበች ነጥብ መገኘቷ የተለመደ ነው።

ነጥቧ ሳንባ ውስጥ ላትኖር ትችላለች

ይህን ክፍል ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ስለማታውቁ ትንሽ ልንቆይበት ነው።

ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ማለትም ልብሱን፣ ቆዳውን፣ ጡቱን፣ አጥንቱንና ሳንባውን ደራርቦ በአንድ ፊልም ላይ ያሳርፋል። ስለሆነም ከሳንባ ውጭ ያለ ነገር ሳንባ ውስጥ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ለምሳሌ ጸጉርን ውሰዱ። ሹሩባ ተሠርታ ጉንጉኗን በትከሻዋ ላይ የለቀቀች እኅት፣ የጸጉሯ ጥላ በሳንባዋ የላይኛው ጫፍ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሳንባ የላይኛው ክፍል ደግሞ ቲቢ የሚበዛበት ቦታ ነው። ፊልሙን ብቻ የሚያይ፣ ሴቲቱን ያላያት ሐኪም ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የጡት ማስያዣ መንጠቆ፣ ቁልፍ፣ ሐብልም እንዲሁ ናቸው። ለመናገር ብናፍርም የጡት ጫፍ ራሱ በፊልሙ ታችኛው ክፍል ክብ ነጥብ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ጡት ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፈው ራጁን ይደግሙታል። ይህ ሲደረግ ምን ሊያደርጉኝ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። በደረት ወይም በጀርባ ቆዳ ላይ ያለ ትልቅ ኪንታሮትም ጥላ ይጥላል።

ማተባችንስ? ክሩ፣ ቋጠሮው፣ በተለይም የብረት መስቀሉ ጥላ አለው። ራጅ የሚያነሳው ሰው «አውልቂው» ሲል አንዳንድ እኅቶች ሃይማኖት የመካድ ያህል ይከብዳቸውና በልብሳቸው ውስጥ ይደብቁታል። እኅቶቻችን፣ ለአንድ ደቂቃ አውልቃችሁ ከልብሳችሁ ጋር በክብር አኑሩት፣ ሲያበቃ አንገታችሁ ላይ መልሱት። ይህ መካድ አይደለም። ደብቃችሁት ከተነሣችሁ ግን በእርሱ ጥላ ሰበብ የማይገባ ጥርጣሬ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ሌላው የጎድን አጥንት ነው። የተሰበረ ወይም የተሰነጠቀ የጎድን አጥንት ሲድን የገጠመበት ቦታ ወፈር ይላል፣ በራጅም ላይ ነጥብ ይመስላል። ከመሰላል የወደቀች፣ መስኮት ስትወለውል ተንሸራትታ ከጠርዝ ጋር የተጋጨች እኅት ይህን ለሐኪሙ መንገር አለባት። እጅ የተነሣባትም እንዲሁ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ትሸሽጋላችሁ፤ ሐኪሙ ግን የሚጠይቀው ነጥቧን ለመረዳት ነው፣ ደግሞም ስለ ዱላው ራሱ ከእኛ ጋር ለብቻው መነጋገር ይቻላል።

እንግዲህ «ነጥብ አለ» ስትባሉ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ራጁ ጸጉሬ ከፍ ተደርጎ ታስሮ፣ ጌጤን አውልቄ፣ ከፊትም ከጎንም ይደገምልኝ። የአንድ ደረት ራጅ ጨረር መጠን ከተፈጥሮ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ መደገሙ የሚያስፈራ አይደለም። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የምትጠራጠሩ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሳንባ ውስጥ ከሆነችስ?

ራጁ ተደግሞ ነጥቧ እዚያው ካለች ብዙ ጊዜ የምትሆነው የዳነ የድሮ ቁስል ጠባሳ ነው። ከአገራችን ለምንመጣ ሰዎች ደግሞ የዚያ ቁስል ዋነኛ ምክንያት ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በብዛት አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በልጅነቷ ከሚያስሉ አያት ጋር በአንድ ክፍል ያደገች፣ በአንድ ዴስክ አራት ሆነው የተማረች ልጅ ጀርሙን ሳታውቀው ተንፍሳው ይሆናል።

ጀርሙን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ለዓለም አስታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አራት አንድ ያህሉ ይህን ጀርም በሰውነቱ ተሸክሟል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው በእርግጥ የሚታመሙት ከ100 ሰው 5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰውነታቸው ጀርሙን ከብቦ ያጥረዋል። እሾህ ሥጋ ውስጥ ሲቀር ዙሪያው ጠንክሮ እንደሚቋጥር ማለት ነው። ያ የታጠረ ቦታ በጊዜ ብዛት ካልሲየም ይጠራቀምበትና እንደ ጠጠር ይሆናል፣ በራጅም ላይ እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። በወረቀታችሁ ላይ «ካልሲፋይድ» ወይም በአረብኛ «ተከሉስ» የሚል ቃል ካለ ይህን ማለቱ ነው፤ ነጥቧ ሙሉ በሙሉ ወይም መካከሏ ላይ እንዲህ ከጠነከረች አብዛኛውን ጊዜ የድሮና የደረቀች ናትና መልካም ምልክት ነው።

የዳነ ጠባሳ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህን ማዳም ዘንድ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። የሚተላለፈው ሕመም ላይ ያለ የሳንባ ቲቢ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአየር ነው የሚሄደው፣ በሽተኛው ሲያስልና ሲናገር በወጣው፣ ይልቁንም በተዘጋ ቤት ረጅም ጊዜ አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል። በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በአንሶላ፣ በታጠበ ልብስ አይተላለፍም። ስለዚህ ብርጭቆ መለየት በሽታውን የሚያስቀረው ነገር የለም፣ የሰው ልብ ከመስበር በስተቀር። ቲቢ በእርግጥ ካለ የሚረዳው መስኮት መክፈት፣ አፍን መሸፈን፣ ከሁሉም በላይ ፈጥኖ መድኃኒት መጀመር ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ የማስተላለፉ ኃይል በጣም ይቀንሳል።

ጠባሳና ሕመም በምን ይለያሉ? ፊልሙ ብቻውን ሁልጊዜ አይለያቸውም። ሐኪሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያሰምጥ ላብ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ እንዳለ ይጠይቃል። ከዚያም አክታ ይመረመራል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ጀርሙ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለው ዋነኛ መድኃኒት የሚሠራበት መሆኑን ይናገራል። አንዳንድ ቦታ ክንድ ላይ የሚወጋ ወይም በደም የሚደረግ ምርመራ ታዘዋላችሁ። ይህ «ፖዘቲቭ» ቢሆን ጀርሙ አንድ ጊዜ ወደ ሰውነታችሁ መግባቱን ይናገራል እንጂ አሁን መታመማችሁን አይናገርም። በተለይ የክንዱ ምርመራ በሕፃንነት የተሰጠ የቢሲጂ ክትባት ብቻውን ሊያስቆጣው ይችላል። ይህን ልዩነት የኤጀንሲ ሰው አይነግራችሁም።

ሕመም ሆኖ ከተገኘ ተራው ቲቢ ብዙውን ጊዜ የ6 ወር ሕክምና አለው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ወር ነው። ሳሉ ይጠፋል፣ ምግብ ይጣፍጣል፣ ሥራው ይበዛል፣ ከዚያ ኪኒኑ ይረሳል። ያን ጊዜ ያልሞተው ጀርም መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ጸበል የምትጠጡም መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ጠጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከቲቢ ሌላ

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። በቅርቡ የሳንባ ምች ወይም ኮቪድ ታማ የነበረች ሴት ያልጠራ ቅሪት ሊታይባት ይችላል፤ ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራጁን ሲደግመው ይጠፋል። ከአፈርና ከወፍ ወይም ከሌሊት ወፍ ኩስ የሚነሣ የፈንገስ ዓይነትም ጠባሳ ይተዋል። በሳንባ ውስጥ ያለች ትንሽ የተፈጥሮ ንፍፊት በሲቲ ስካን ላይ እንደ ነጥብ ትታያለች፣ ምንም አታደርግም። ከስብና ከልም አጥንት የተሠራ፣ ካንሰር ያልሆነ እባጭ አለ፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም የፈነዳ ፈንዲሻ ስለሚመስል ሐኪሞቹም በዚያው ስም ይጠሩታል። የመገጣጠሚያ ሪህ ዓይነቶችና የደም ሥር መጠላለፍም አልፎ አልፎ ይገኙበታል።

ከእነዚህ አንዱን ለይተን የምናነሣው የውሻ ትል የሚያመጣውን የውኃ ከረጢት ነው። በግ በሚታረድበትና ውሻ ጥሬ የሆድ ዕቃ በሚበላበት አገር ሁሉ፣ በእኛም በመካከለኛው ምሥራቅም ይገኛል። የትሉ እንቁላል በእጅና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ይገባና በጉበት ወይም በሳንባ ውኃ የሞላ ክብ ከረጢት ይሠራል። ለዓመታት ሳያሳምም ይቀመጣል። ከረጢቱ ከፈነዳ ብርቱ አለርጂ ስለሚያስነሣ እንዲሁ መርፌ አይወጋም፣ ስለዚህ በልጅነታችሁ ከበግና ከውሻ ጋር ያደጋችሁ ለሐኪሙ ብትናገሩ መልካም ነው።

ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ «የጽዳት መድኃኒቱ ነው ወይ ነጥቡን ያመጣብኝ?» የሚል። በረኪናና አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ የመተንፈሻ ቧንቧን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሲበዛም ሰው ይገድላል። ፈጽሞ አትቀላቅሏቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለችውን ትንሽ ክብ ነጥብ የሚያመጣው የተለመደ ምክንያት እርሱ አይደለም።

ስለ ካንሰርም ሳንናገር አናልፍም

ነጥብ ካንሰር ልትሆን ትችላለች ወይ ለሚለው መልሱ አዎን፣ ነገር ግን ትንሽ ከሆነች፣ ሴቲቱም ወጣት ከሆነችና ሲጋራ ካላጨሰች ከስንት አንድ ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 ዓመት የሆኑ 53,454 ብዙ ያጨሱ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። በዝቅተኛ ጨረር በተደረገው ሲቲ ስካን አጠራጣሪ ነገር ከተገኘባቸው ውጤቶች 96 ከመቶ ያህሉ በመጨረሻ ካንሰር አለመሆናቸው ታውቋል። ያውም በሽማግሌ አጫሾች ላይ።

አደጋውን የሚጨምረው ዕድሜ፣ ማጨስ፣ የነጥቧ ትልቅነት፣ ጠርዟ እንደ እሾህ የተበጣጠሰ መሆን፣ በሳንባ የላይኛው ክፍል መገኘቷና ከሁሉ በላይ ማደጓ ነው። ሺሻም ጭስ ነው፤ በውኃ ማለፉ አያጠራውም። በሌላ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ በጡት ካንሰር የነበረባት እኅትም መሸሸግ የለባትም፣ ምክንያቱም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊመጣ ስለሚችል የሐኪሙ አካሄድ ይለወጣል። ኤች አይ ቪ ያለባትም እንዲሁ ትናገር፤ ሰውነቷ ጀርምን የሚከላከልበት ኃይል ስለሚለይ ነጥቧም በሌላ መልክ ትታያለች።

ሐኪሙ «ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ» ሲላችሁ ችላ አለኝ አትበሉ። መጠበቁ ራሱ ምርመራ ነው። ፍላይሽነር ማኅበር የተባለው የደረት ምስል ሊቃውንት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መሠረት በሲቲ ስካን የታየች አንዲት ድፍን ነጥብ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነችና ሌላ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ መከታተል እንኳ አያስፈልጋትም። ከ6 እስከ 8 ለሆነችው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ስካን ይደገማል። ከ8 በላይ ከሆነች በ3 ወር መድገም፣ ወይም ሌላ ልዩ ምስል፣ ወይም ናሙና መውሰድ ይታሰባል። መመሪያው የተጻፈው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ ከዚያ በታች ላላችሁት የሳንባ ካንሰር እጅግ ብርቅ ስለሆነ ሐኪሙ ይበልጥ የሚያስበው ኢንፌክሽንን ነው።

ካንሰር ሲያድግ ይዘቱን እጥፍ ለማድረግ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 400 ቀን ይፈጅበታል። ይዘቷ እጥፍ የሆነ ነጥብ ወርዷ የሚጨምረው በአራት አንድ ያህል ብቻ ነው፤ የ8 ሚሊ ሜትሯ 10 ትሆናለች ማለት ነው። ይህን በዓይን ግምት መለየት አይቻልም፣ ሁለት ፊልም አጠገብ ለአጠገብ ማስተያየት ያስፈልጋል። ድፍን ነጥብ 2 ዓመት ሳትለወጥ ከቆየች ካንሰር አይደለችም ይባላል። እንደ ጭጋግ ያለችው ግን በዝግታ ስለምትሄድ ረዘም ላለ ጊዜ፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ ትታያለች።

እንግዲህ የድሮ ፊልም ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከአገር ስትወጡ የተነሣችሁት ራጅ ላይ ያችው ነጥብ በዚያው መጠን ካለች፣ ሐኪሙ ወራት የሚፈጅበትን መልስ በደቂቃ ሊያገኝ ይችላል። ፊልሙን የጣለች እኅት ግን ከዜሮ ትጀምራለች። አገር ቤት የቀረ ካለ ወንድም ወይም እኅት ፈልጎ ፎቶውን በስልክ ይላክላችሁ። እዚህ ስትነሡም ፊልሙን ወይም ሲዲውንና የተጻፈውን ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ፣ በአሠሪ መሳቢያ ውስጥ አትተዉት።

ወረቀቱና ደረታችሁ

አሁን ብዙ እኅቶችን ወደሚያስለቅሰው ነገር እንምጣ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ሠራተኛ፣ ቀድሞ ጋምካ በሚባለው ዛሬ ዋፊድ በተባለው አሠራር በኩል ተመርምሮ «ብቁ» ወይም «ብቁ አይደለም» ይባላል። ቲቢ ብቻ ሳይሆን ታክሞ የዳነ የድሮ ቲቢ ምልክት እንኳ «ብቁ አይደለችም» ሊያሰኝ ይችላል። ከደረሱ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ደንብ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሕክምና የሚሰጥበት አለ፣ የሚያሰናብትበትም አለ።

«ብቁ አይደለችም» የሚለው ማኅተም የሥራ ፈቃድ ውሳኔ ነው። ታማለች ወይስ አልታመመችም ለሚለው መልስ አይሰጥም። ጤነኛ ሆና በጠባሳዋ ምክንያት የምትመለስ አለች፤ በእርግጥ ታማ ማንም ሳይነግራት የምትመለስ ደግሞ አለች። የፊተኛዋ አገር ቤት ገብታ በሌለ በሽታ ስታፍር ትኖራለች፣ የኋለኛዋ ልጆቿን አቅፋ ትተኛለች። ሁለቱንም የሚያድናቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ተገኘብኝ? በጽሑፍ ስጡኝ።» ይህን ሳትጠይቁ ምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

«ቲቢ አለብሽ፣ ነገ ትሄጃለሽ» የተባለች እኅት ብትኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚተላለፍ ቲቢ ያለበት ሰው ማስተላለፉ ሳይቆም በአውሮፕላን እንዳይጓዝ እንደሚያዝ ለአሠሪውም ለኤጀንሲውም ይነገራቸው። መድኃኒቱን ጀምራ፣ ለቀጣዩ ጊዜ የሚሆናትን ኪኒንና የሕክምና ወረቀቷን ይዛ ብትሄድ ነው የሚሻለው። አገራችን ስትገቡ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቲቢ ሕክምና በነፃ ይሰጣል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም በዚህ ሕመም ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ፊልሙን ይዛችሁ ሂዱ።

ደላላ «በሌላ ሰው ንጹሕ ፊልም እናሳልፍሻለን» ካለ እምቢ በሉ። ገንዘቡ ይቅርና፣ በስማችሁ የተቀመጠው የሌላ ሴት ሳንባ ከሆነ ከላይ የተናገርነው ማስተያየት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ቲቢም ካለባችሁ ከሰው ቤት ሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል እየተኛችሁ ይብስባችኋል።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ የምትሄዱባቸው ምልክቶች አሉ፤ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ውጋት ናቸው። ማዳም ፈቃድ ከከለከለች በስልክም ሆነ በጓደኛ በኩል ላኩብን። ወረቀቱን ማንበብ ያልቻላችሁም በእረፍት ቀናችሁ ይዛችሁት ኑ፤ በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቃል በቃል እናነብላችኋለን፣ ስማችሁንም ለማንም አንናገርም።